አዲሱ ካሽሚር ተድቦለበለ፣ የሰልባጁ ግን ምንም አልሆነ፤ ለምን?

የድሬና የሐረር ሰው በሚገናኝበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የሚበዛው ወሬ የመብራት መጥፋት፣ ኳስና የቤት ኪራይ ነው። ሰሞኑን ግን አንዲት የድሬ ሳቢያን ሰፈር ነዋሪ ከፍየል ለስላሳ ሱፍ ስለሚሠራው ካሽሚር ስለሚባል ሹራብ ጠየቀችና ሰዉ ተነቃነቀ። መልሱ ከሠላሳ አለፈ። ላላያችሁት በየመልሱ ቁጥር ልንገራችሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። የማይረባውን ዘልያለሁ፣ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

የጠያቂዋ ሥራ ሐረር ነው። ማለዳ ማለዳ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ትወጣለች። ከድሬ ላብ ተነሥቶ ወደ ሐረማያ ቁር የሚያደርሰውን ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያለ ሹራብ አይሆንም። ሁለት ሹራብ አላት። አንደኛው ወንድሟ ከውጭ የላከላት ነው። አዲስ፣ ግራጫ፣ 100 ፐርሰንት ካሽሚር የሚል፣ ሲነካ እጅ ላይ የሚሟሟ። ሁለተኛው እዚሁ ድሬ ከተፈታ ቦንዳ ላይ ያነሣችው ጥቁር ሰማያዊ የሰልባጅ ሹራብ ነው። እሱም ካሽሚር ይላል። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ በደንብ የሚነበበው ሜድ ኢን ስኮትላንድ የሚለው ብቻ ነው። የገዛችው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ባነሰ ዋጋ ነው፤ ሲነካ ጠንከር ይላል። ሁለቱንም እያፈራረቀች ለበሰቻቸው። አዲሱ ሁለት ወር ሳይሞላው ብብቱ ላይና የቦርሳ ማንገቻው በሚያርፍበት ትከሻ ላይ ትንንሽ ድብልብል አወጣ። ክርኑም ሳሳ። አሮጌው ንቅንቅ አላለም። ጥያቄዋ ወንድሟ ተሸውዶ እንደሆነና ሰው ሳይገዛ በፊት እንዴት መለየት እንደሚችል ነው።

ቁጥር 1 እንደተጠበቀው ቀልድ ነው። ድሬ ላይ ሹራብ ለብሶ የታየ ሰው ወባ ይዞታል ማለት ነው አለ። ቁጥር 2 ሳቀ። ቁጥር 3 የአወዳይ ሰው ነው። ሁለቱንም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሐረማያ በሸሚዝ ወርደው እንዲሞክሩት ጋበዛቸው።

ቁጥር 4 በልበ ሙሉነት ገባ። መፍትሔው ክር መዞ በክብሪት መለኮስ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ከደቀቀ እውነተኛ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ ፕላስቲክ ነው። እሱ እንደሚለው ከዚህ ሌላ የሚያነጋግር ነገር የለም።

ቁጥር 5 ግን በጨዋ ቋንቋ አነጋገረው። ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የተማረ ልጅ ነው። ደጋግሞ ስለሚመጣ ኢንጂነሩ እለዋለሁ። እሳቱ የሚነግረን የእንስሳ ፀጉር መሆን አለመሆኑን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የበግም፣ የፍየልም፣ የራሳችንም ፀጉር ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ሽታው አንድ ነው። ካሽሚር የፍየሉ የላይኛው ሻካራ ፀጉር አይደለም፤ ብርድ ሲመጣ ከሥሩ የሚያበቅለው ለስላሳ ሱፍ ነው። የሚለየውም በቅጥነቱ ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ ልብስ ካሽሚር ለመባል የሱፉ አማካይ ውፍረት ከ19 ማይክሮን መብለጥ የለበትም ይላል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጥሩ የሚባለው ከ14 እስከ 16 ማይክሮን ያለው ነው። የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው። ይህ የሚታየው በማይክሮስኮፕ እንጂ በክብሪት አይደለም።

ቁጥር 6 የቁጥር 4ን ምክር እንዳነበበ እዚያው የሞከረ ሰው ነው። ክር መምዘዙን ዘለለው። እጅጌውን በቀጥታ ለኮሰ። ፎቶ ለጥፏል፤ ሹራቡ የሚስቱ ነው፣ ቀዳዳው የሃምሳ ሳንቲም ያህላል። ሸተተ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ቤቱ በሙሉ እንደሸተተና ማታ ሳሎን እንደሚያድር ተናገረ።

ቁጥር 7 የሐረር ጁገል እናት ናቸው። እውነተኛ ካሽሚር በጣት ቀለበት ሾልኮ ያልፋል አሉ። የእሳቸው ሻል ማለፉን በዓይናቸው አይተዋል። ቁጥር 8 አንቱ እያለች፣ እየተሽኮረመመች አረመቻቸው። ቀለበቱ የሚመሰክረው ለመሳሳቱ ብቻ ነው። ሐርም ያልፋል፣ ቪስኮስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክርም ያልፋል። በየገበያው ፓሽሚና ተብሎ የሚሸጠው ሻል አብዛኛው ቪስኮስ ወይም አክሪሊክ የሚባለው የፕላስቲክ ክር ነው። እውነተኛው የካሽሚር ፓሽሚና በሕንድ የላዳክ ተራሮች ላይ ከሚረቡ ፍየሎች ሱፍ፣ ካሽሚር በሚባለው አካባቢ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመን ነው። ደህና ወፍራም ሹራብ ደግሞ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን በቀለበት አያልፍም። እሳቸው አመስግነው፣ ሻላቸው ግን ማለፉን ደግመው አስታወሱ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ተገቢ ነበር።

ነገሩን ቁም ነገር ያደረገችው ቁጥር 9 ናት። ዓረብ አገር በአንድ ሆቴል ላውንደሪ ለዓመታት ሠርታ ተመልሳ ድሬ ከዚራ ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። ብዙ ውድ ሹራብ በእጇ አልፏል። ባለቤቶቹ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ እያሉ ሲጮሁባቸውም ኖራለች። ለዚህም ነው ሹራብ ገና ሲገባ ገልብጣ ማየት የተማረችው። እጅ ላይ የሚሟሟውን አትመኑ ነው ዋናው ነገሯ። ብዙ ፋብሪካ ሹራቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና አብዝቶ ያሸዋል። ያን ጊዜ የሱፉ ጫፍ ከክሩ እየወጣ ላዩን ይሸፍነዋል። አንዳንዱ የሲሊኮን ማለስለሻም ይጨምርበታል። ሱቅ ውስጥ የሚያማልለው ይኸው ነው። ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ማለስለሻው ይሄዳል። የቀረው አስቀድሞ ከክሩ የወጣ ፀጉር ነው፤ ፍትጊያ ሲያገኝ ይድቦለቦላል። ስለዚህ በጣም የለሰለሰው አዲስ ሹራብ ዕድሜውን ሱቅ ውስጥ ጀምሮታል።

ከዚያ አሠራሯን ዘረዘረች። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ። ደረቱን በመዳፍ ወዲያና ወዲህ ማሸት። ጎንበስ ብሎ በጎን በኩል ማየት። ፀጉር ከተነሣ፣ ይባስ ብሎም በጣት መጠቅለል ከጀመረ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ የታችኛውን ጠርዝ ላስቲክ በሁለት እጅ ለጥጦ መልቀቅ። ወዲያው ከተሰበሰበ ክሩ በደንብ የከረረ፣ ዐይኑም (ክሩ የሚሠራው ቀለበት) የተጠጋጋ ነው። እያመነታ ከተመለሰ ከጥቂት ወር በኋላ ወገብ ላይ አይቆምም። ከዚያ ለመስኮት ወይም ለስልክ ባትሪ ይዞ ማየት። ብርሃኑ በየዐይኑ ሰፍቶ ካለፈ ፋብሪካው ሱፍ ቆጥቧል ማለት ነው።

ገልብጦ ማየትም አለ። በጥሩ ሹራብ እጅጌውና አካሉ ሲሠራ ጀምሮ ቅርጹን ይዞ ነው የሚመጣው። ብብቱ አካባቢ ዐይን እየተቀነሰ የሄደባቸው ጥቃቅን ምልክቶች ተሰልፈው ይታያሉ። ስፌቱም ዐይን ከዐይን እየተያያዘ የተጋጠመ ነው። ርካሹ ግን በቁሙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ፣ ጠርዝ በሚጠቀልለው የስፌት መኪና ይሰፋል። ከውስጥ ስፌቱ ላይ የተረፈ ክር ካለ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ማክረር ነው። ለሁለት ከተከፈለ ሁለት ክር ተገምዶበታል። ብትንትን ብሎ ጥጥ ከሆነ አንድ ነጠላ ነው፤ ነጠላው ቶሎ ይበሳል።

ከሁሉም የወደድኩት የባትሪውን ነው። ክር ልምዘዝ ብትል ባለ ሱቁ ያባርርሃል፤ ባትሪ አበራህ ብሎ ግን ምን ይልሃል? እኔ ራሴ ከዚህ በኋላ ቤት ያለውን ሹራብ ሁሉ እያወጣሁ ለመብራት ስይዝ አመሸሁ። ባለቤቴ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።

ቁጥር 10 ጠያቂዋ ተመልሳ ናት። ሞክራዋለች። ግራጫው ለባትሪ ሲያዝ የእጇ ጣቶች በወዲያኛው በኩል አንድ በአንድ ታዩ። የሰማያዊውን ላስቲክ ስትለቀው ጠብ ብሎ ተሰበሰበ። ግራጫው ውስጡ በኦቨርሎክ ነው የተሰፋው። ሰማያዊው ብብት ላይ ምልክቶቹን ቆጥራለች።

ቁጥር 11 በዚህ ጊዜ ፈረደ። እውነተኛ ካሽሚር ፈጽሞ አይድቦለቦልም፣ ስለዚህ ግራጫው ሐሰተኛ ነው፣ ወንድምየውም ሞኝ ነው አለ። የመጀመሪያዋ ሻካራ ቃል እዚህ ላይ ገባች። ኢንጂነሩ በቁጥር 12 ወንድምየውን ተወት አድርጎ ወደ ሱፉ ሄደ። ግራጫው ሙሉ በሙሉ ካሽሚር ሊሆን እንደሚችል፣ ጽሑፉም ሊዋሽ እንደማይችል ሳይሆን መዋሸት እንደማያስፈልገው አስረዳ። ሕጉ የሚለካው ቅጥነትን ነው፤ ርዝመትን አይለካም። ለዕድሜ የሚወስነው ደግሞ ርዝመቱ ነው። ሱፉ 34 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክሩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚጠመጠም አጥብቆ ይይዛል። አጭሩ ግን አንድ ጫፉ ቶሎ ያፈተልካል። ብብትና ማንገቻ ሲፈትጉት ካጠገቡ ካለው ጋር እየተቆላለፈ ድብልብሉን ይሠራል። አጭር ሱፍ ርካሽ ነው፣ ግን ካሽሚር ነው። ማንኛውም አዲስ ሹራብ በመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ይድቦለቦላል። ያፈተለከው ተለቅሞ ሲያልቅ ይቆማል። ካላቆመ ነው ችግሩ።

ቁጥር 13 ለንደን የሚኖር የሐረር ልጅ ነው። በስኮትላንድ ልማድ ሹራቡን አብዝተው አያሹትም፤ ጠንከር ብሎ ይሸጥና በለበሱት ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል አለ። እዚያ ሃዊክ የምትባል ትንሽ ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። የጠያቂዋ ሰማያዊ ከዚያ አካባቢ ቢመጣ አይገርመውም። ከዚያ የለንደንን ብርድ መናገር ጀመረ፤ እሱን ዘልያለሁ።

የዚህ ወግ ብልህ ሰው ለእኔ ቁጥር 14 ነው፤ አነጋገሩ ባይጥምም። ሁሉም የድሮ ዕቃ ጥሩ ነበር ብሎ ማልቀስ መጀመሩ አናዶታል። ቦንዳ ውስጥ የምታዩት የተረፈውን ነው አለ። በዚያ ዘመን የተሠራው መናኛ ሹራብ ተድቦልብሎ፣ ተበስቶ፣ ተጥሎ አልቋል። ድሬ የደረሰው ያልሞተው ነው። አንድ የዳነ ሹራብ ይዞ የድሮ ሁሉ ይሻላል ማለት የማይረባ ሙግት ነው። ቁጥር 13ን በስም ጠርቶ የፈረንጅ ፋብሪካ ጠበቃ አለው። ቁጥር 13ም አልተኛለትም፤ ሁለቱ ጥቂት መልስ ተመላለሱ። ኢንጂነሩ ግማሹን ተቀበለ። የተረፈውን ነው የምናየው ማለቱ ልክ ነው። ነገር ግን ለሚገዛው ሰው ይኸው ጥቅም ነው፤ ሰልባጁ ፈተናውን ለብሶት በነበረው ሰው ላይ ጨርሶ መጥቷል። አዲሱን ስትገዛ ፈታኙ አንተ ነህ።

ከቁጥር 17 ጀምሮ ነገሩ ከረረ። አንዱ ሹራብ ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ አንድ ሱቅ በስሙ ጠራ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ስሙን አጠፋው፤ ጥሩ አደረገ። ቁጥር 18 እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አቦ ተዉን ብሎ ጀመረ። ጽሑፉን እሱ አልሰፋው፣ ፋብሪካው ነው የሰፋው። ደንበኛው የአክሪሊክ ዋጋ ይዞ መጥቶ ካሽሚር ስጠኝ ይላል፤ ያለውን ያሳየዋል። የሚነበበውን አንብቡ አለ። ካሽሚር ፊል የሚል ካሽሚር አይደለም። ካሽሚር ላይክ የሚልም አይደለም። ካሽሚሎን የሚለው ጭራሽ አክሪሊክ ነው። 10 ፐርሰንት ካሽሚር የሚል ካለም የቀሩት 90ዎቹ ምን እንደሆኑ ከታች ተጽፏል፤ ሰው ግን የላይኛውን መስመር ብቻ አንብቦ ይከፍላል። ቁጥር 19 የሚያነበው መነጽር ይሽጥልን ብሎ መለሰለት። ነጋዴው መነጽርም አለኝ፣ ቅዳሜ ና አለው። ይህ ለድሬ ሰው ዕርቅ ነው።

ቁጥር 20 ወሪያ (ስማ እንጂ)፣ የኛ ፍየል ምን አነሰው ብሎ ጠየቀ፤ ወሬው እንዳለ ወደ ፍየል ሄደ። ቁጥር 21 ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያጠናች ልጅ ናት። ያ ለስላሳ ሱፍ የሚበቅለው ቀኑ እያጠረ ሲሄድና ቁሩ ሲመጣ ነው። ሞንጎሊያ በክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ፍየሏ ካላበቀለች ትሞታለች። ጸደይ ሲገባ ሱፉ ይላቀቃል፣ በማበጠሪያ ይሰበስቡታል። አንዲት ፍየል በዓመት የምትሰጠው የጸዳ ሱፍ ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሹራብ የሁለት፣ የሦስት፣ አንዳንዴም የአራት ፍየል የዓመት ምርት ይጨርሳል። ውድነቱም ከዚህ ነው። ከዓለም ምርት ብዙው የሚመጣው ከቻይና፣ በተለይ ከውስጣዊት ሞንጎሊያ፣ ቀጥሎም ከሞንጎሊያ ነው። የእኛ የቆላ ፍየል ሥራዋ ሙቀት ማስወጣት ነው። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ከሥሩም የሚበጠር ነገር የለም።

ቁጥር 22 የመንዝ ተወላጅ ሆኖ ድሬ የኖረ ሰው ነው። ሱፍ ከተነሣ የመንዝ በግና ከሱፉ የሚሠራው ባና ይነሣ አለ። ባና ይከብዳል፣ ይቧጥጣል፣ ግን ከአባቱ ወርሶ እስከ ዛሬ ይለብሰዋል። ማንም ይቧጥጣል ብሎ አልጣለውም። ቁጥር 23 ፍየል ሐኒድ ለሚባለው ጥብስ እንጂ ለሹራብ አልተፈጠረም ብሎ የት ጥሩ ሐኒድ እንደሚገኝ ጠየቀ። ለእሱ ከሹራቡ ይልቅ ብዙ ሰው መለሰለት፤ እነዚህን አልቆጠርኳቸውም።

ቁጥር 24 ግን ቀልዱን አቆመው። ሞንጎሊያ ውስጥ ሶሻሊዝም ካበቃ ወዲህ ሰው ለካሽሚሩ ሲል ፍየል አብዝቶ ግጦሹ ተጎድቷል። ፍየል ሣሩን ከሥሩ ነው የምትነጨው። ርካሽ ካሽሚር በዓለም ሲበዛ ዋጋውን የሚከፍለው ያ መሬት ነው አለ። ቁጥር 25 ተራራ ሲራቆት ምን እንደሚመጣ ለድሬ ሰው አይነገርም ብሎ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረገውን አስታወሰ። ዘመድ የሞተበት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሐኒዱም ወሬ ቆመ።

ወደ ሹራብ የመለሰችን ቁጥር 26 ናት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል አድራ ሹራቧ ላይ የሰው ጧፍ ተንጠባጥቦበት መጥታለች። ልትፈገፍገው ነበር። ቁጥር 9 ፈጥና ከለከለቻት። ሹራቡን ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ ሰሙ ሲደርቅ በጣት ፈርክሶ ማንሣት። የቀረውን ከላይና ከታች ወረቀት አድርጎ ለብ ባለ ካውያ ቀስ ብሎ መንካት፤ ወረቀቱ ሰሙን ይመጠዋል። ያኔውኑ የእጥበቱንም ነገር ጨረሰችው። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ። የዱቄት ሳሙና ሳይሆን ትንሽ የፀጉር ሻምፑ፤ ፀጉር ነውና። የቆሻሻ ማስለቀቂያ ኢንዛይም ያለበት ሳሙና ፕሮቲን የሚበላ ስለሆነ ሱፉንም ይበላዋል። አለመፈተግ፣ አለመጠምዘዝ። በፎጣ ጠቅልሎ ተጭኖ ውሃውን ማውጣትና በጥላ ሥር አግድም ማንጠፍ። ገመድ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይረዝማል። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ሱፉንም ያደርቀዋል።

ቁጥር 27 ያወጋውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ነጭ የሱፍ ሹራብ ነበረው፤ ከጊዜ ብዛት ወየበ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሊያነጣለት አስቦ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ አደረ። ጠዋት ባልዲው ውስጥ የተገኘው የስፌቱ ክርና አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሹራቡ የለም። ሁለቱ ፖሊስተር ስለሆኑ ተርፈዋል። መጀመሪያ ሌባ መስሎት ነበር። ኢንጂነሩ በረኪና ሱፍን አሟሙቶ እንደሚጨርስ አረጋገጠ፤ ባልዲውን ቢያየው ደስ እንደሚለውም ጨመረ።

ቁጥር 28 የብልን ነገር አነሣ። እዚህ ላይ ቤት ሁሉ መድኃኒት አለው። ቁጥር 29 ኡንሲ በሚባለው ዕጣን ማጠን ነው አለች። ቁጥር 30 ናፍታሊን አለ። ቁጥር 31 መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ነው፣ ትንሽ ተቆጣ። ናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ለሕፃን አይሁን አለ። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ፤ ሽታው ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ሊሰብርባቸው ይችላል። ዕጣኑም ሽታ ይሰጣል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ልብሱን የሚበላው የብሉ ትል ነው፣ ቢራቢሮዋ አይደለችም። እሱም በጣም የሚወደው ላብና ወጥ የነካውን ነው። ስለዚህ ብርዱ ሲያልፍ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ በተዘጋ ላስቲክ ማስቀመጥ። ብል ከገባበት ደግሞ በላስቲክ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት መተው። ቁጥር 32 ሁለት ሳምንት ያልጠፋ መብራት የምታውቁ ንገሩኝ ብሎ ወጣ። በዚህ ሁሉም ተስማማ፤ በዚህ ወግ ላይ ሙሉ ስምምነት የታየው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

የግራጫው ክርን ቀረ። ጠያቂዋ ሊበሳ የደረሰውን ማን ይሠራልኛል አለች። ቁጥር 34 መኪና ግርግር ወደሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወስዳ ለአንዱ ሰፊ እንድትሰጠው መከራት። ቁጥር 9 ይህን ስታነብ ከመቀመጫዋ የተነሣች ይመስለኛል። የስፌት መኪና የሹራብ ዐይን ይበጥሳል፤ ዛሬ የተሰፋው ዙሪያውን ይዞ ይከፈታል። በእጅ፣ በወፍራም መርፌ፣ ከውስጥ ስፌት በተመዘዘ በራሱ ክር ነው የሚጠገነው፤ ያውም ሳይበሳ በፊት። የሳሳውን ቦታ ከውስጥ በኩል ዐይን ዐይኑን ተከትሎ መድገም ነው። ድብልብሉም በጣት አይነጭ፤ ሲነጭ ሌላ ሱፍ ይዞ ይወጣል። በሹል መቀስ ወይም ለሹራብ በተሠራች ትንሽ ማበጠሪያ ቀስ ብሎ ይነሣ። ቁጥር 34 መኪና ግርግር ያሉት ሰፊዎች ከአባት ከአያት የወረሱት ሙያ እንደሆነ ጠቅሶ ተከራከረ። እሷም ለሸሚዝና ለሱሪ እጃቸውን ትስማለች፤ ሹራብ ግን አትሰጣቸውም።

ጠያቂዋ ለወንድሟ ምንም እንደማትነግረው ጻፈች። ለሚቀጥለው ግን ሹራቡን ከመክፈሉ በፊት በቪዲዮ ደውሎ፣ ላስቲኩን ለጥጦ፣ ለባትሪ ይዞ እንዲያሳያት ታዘዋለች። አንዱ ወንድምሽ ከዚያ ሱቅ በፖሊስ ይወጣል አላት።

የመጨረሻው ቁጥር 37 የታይዋኑ ነጋዴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ቦንዳ ይፈታል። ይህን ሁሉ ያወራ ሰው መጥቶ በእጁ ይየው አለ። መለጠጥ ይቻላል፣ መገልበጥ ይቻላል፣ ባትሪም ይቻላል፤ የእሱን ስልክ ያበድራል። ኢንጂነሩና ቁጥር 9 እንደሚመጡ ጽፈዋል። ቁጥር 4 እና ቁጥር 6 ግን በር ላይ ኪሳቸው ይፈተሻል፤ ክብሪት የተገኘበት አይገባም።